ያረጀ አውቶሞቢል ወገቡ ሲደክም

በቤተ ሰብ ገንዘብ ከሚገዛው ሀብት ሁሉ ባለቤቱ ጠባዩን ሳያውቅ የሚገዛው እንደ አውቶሞቢል ያለ የለም። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ኮርቻዋን አስወርደው፥ ጀርባዋ የተላጠ ወይም ያበጠ እንደ ሆነ በእጃቸው ዳስሰው፥ ሰኮናዋንም አስነሥተው ካዩ በኋላ ነበር ገንዘቡን የሚቈጥሩት። የመንዝን ገደል የሚወርድ ሰው የበቅሎው ጀርባ በመንገድ ቢከዳው የሚያገኘውን መከራ ያውቁ ነበርና። የዛሬው የቤት ጌታ ግን የመኪናውን ቀለምና የወንበሩን ቆዳ አይቶ ደስ ይለዋል እንጂ፥ ሸክሙን የሚችለው ወገቡ በምን እንደ ቆመ ጎንበስ ብሎ አይመለከትም።

በዛሬው ጽሑፋችን የምንናገረው ስለዚሁ ወገብ ነው። ይልቁንም በዘይት ግፊት ከፍና ዝቅ ስለሚሉት አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች፥ እነርሱም ሲደክሙ ምን ማድረግ እንደሚገባ ለባለቤቶቻቸው እናስረዳለን። ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ እናትን ወደ ሐኪም የሚያደርስ፥ ልጆችን ለበዓል ወደ አያቶቻቸው የሚወስድ ይኸው መኪና መሆኑን ያስብ። ደግሞም በ2016 ዓመተ ምሕረት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ አገር የሚመጣው መለዋወጫ ዋጋው ከፍ ብሏል። ስለዚህ አሮጌውን ሽጦ እንደዚያው ያለ አዲስ መግዛት እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ ያለውን በማስተዋል መያዝ የቤት ጥበብ ሆኗል።

አስቀድመን መንገዱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን የደረሰ መንገደኛ፥ ጣርማ በር ሲደርስ ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ መዘዞ፥ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ያቀናል። ከዚያም አልፎ ወደ ግሼ ራቤል የሚሄድ አለ። በዚያ አካባቢ ያለው የጓሳ ምድር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ማለዳም ውርጭ ይጥላል። ወደ መርሐ ቤቴ የሚሄደው ደግሞ ከሙከ ጡሪ በለሚ በኩል አድርጎ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙንም ከተሻገረ በኋላ እንደ ገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። መኪና አቀበት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ እግሮቹ ይሸሻል፤ ቍልቍለት ሲወርድና ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ ፊት እግሮቹ ይወድቃል። እንግዲህ በሜዳ ላይ ያልታወቀ ድካም በጀማ ገደል ቢገለጥ አያስደንቅም።

የዚህን ዕቃ አሠራር የማያውቅ ሰው ድካሙን ሊያውቅ አይችልም። የመኪናን ክብደት በዘይትና በታመቀ አየር ላይ የማሳረፍን ጥበብ ከሁሉ ይልቅ ያስታወቀው የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ፋብሪካ ነው። ፖል ማዤስ የሚባለው የፋብሪካው ሠራተኛ የደከመበት ይህ አሠራር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 በአንድ መኪና የኋላ እግሮች ላይ ብቻ ተሞከረ፤ በ1955 ደግሞ ዲ ኤስ የተባለው አውቶሞቢል በፓሪስ ለትርኢት ሲቀርብ በአራቱም እግሮች ላይ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ የጃፓኑ ቶዮታ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 እስከ 2007 በሠራው ላንድ ክሩዘር 100 በተባለው ዓይነት፥ በሁሉም ባይሆን በከፊሎቹ ላይ፥ ይህን የመሰለ የዘይት አሠራር አገባበት።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ እግር ላይ በአሞርዛተር ስፍራ ዘይት የሞላበት ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አለ። ከእርሱም ጋራ የተያያዘ ድቡልቡል የብረት ኳስ አለ። የኳሱ ውስጥ በላስቲክ ገበር ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ወገን ዘይት፥ በሌላው ወገን ናይትሮጅን የሚባለው የአየር ዓይነት ታምቆ ይገኛል። ዘይት ቢጫኑት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል፥ መልሶም ይነፋል። ስለዚህ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ዘይቱ ወደ ኳሱ ይሮጣል፤ አየሩም እንደ ትራስ ሆኖ ይቀበለዋል። ከዚህም ሌላ በባትሪ ኀይል የሚሠራ ፓምፕ አለ። ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ ሆነው የመኪናውን ቁመት የሚለኩ ሦስት መለኪያዎችም አሉ። ሾፌሩ ዝቅተኛውን፥ መካከለኛውን ወይም ከፍተኛውን ቁመት ሲመርጥ፥ ፓምፑ ዘይት እየጨመረ ወይም ቧንቧው እየከፈተ መኪናውን ያነሣዋል፥ ያወርደዋልም።

አሁን ልብ ሊባል ወደሚገባው ነገር ደርሰናል። ቶዮታ የመኪናውን ክብደት ሁሉ በዘይቱ ላይ አልጣለም። ከፊት በመጠምዘዝ የሚሸከም ቶርሽን ባር የተባለ የብረት ዘንግ፥ ከኋላም ሞላ አለ፤ እነዚህ ብረቶች የሸክሙን ከፊል ይይዛሉ፥ የቀረውን ዘይቱ ይይዛል። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክሞ ገደል የሚወርድ የአገራችን ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሲደክም በሽተኛው ወዲያው አይወድቅም፤ ባልንጀራው የእርሱን ድርሻ ጨምሮ ይሸከማል፥ ላብም የሚያጠምቀው እርሱን ነው። ሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሰው ግን ላብ ያጠመቀውን አይቶ ደካማው እርሱ ነው ብሎ ይፈርዳል።

በመኪናውም የሚሆነው ይኸው ነው። ብረቱ ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ ልል ሲሆን፥ ቁመት መለኪያዎቹ መኪናው ዝቅ ማለቱን ያስታውቃሉ፤ ፓምፑም ዘይት ጨምሮ ቀጥ ያደርገዋል። ባለቤቱ መኪናው እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ ቆሞ ስላየው ምንም አልጠረጠረም። ሆኖም በዘይቱ ላይ ያለው ግፊት ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል፤ በኳሱ ውስጥ ያለው አየርም ከልክ በላይ ይጨመቃል፤ ፓምፑ ይደክማል። በመጨረሻም ኳሶቹ ሲሞቱ ሰው ሁሉ ዘይቱን ይከሳል፤ በፊት የደከመውን ብረት የሚያስታውስ የለም። እንግዲህ ይህ ዓይነት መኪና ድካሙን የሚሸሽግ ነውና፥ ቀጥ ብሎ መቆሙ ደኅንነቱን አያስረዳም።

ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛ፥ መኪናው በኮረኮንች ላይ እንደ ደረቅ ጋሪ የሚያንገጫግጭ፥ ከጕድጓድም ሲወጣ ደጋግሞ የሚነጥር ከሆነ፥ በኳሶቹ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ማለቁን ያመለክታል። አየሩ በላስቲኩ በኩል በብዙ ዓመት ጥቂት በጥቂት ይወጣልና። ይህም የምቾት ነገር ብቻ አይደለም፤ የሚነጥር ጎማ መሬቱን ስለማይጨብጥ ፍሬን ሲያዝ መኪናው በቶሎ አይቆምም። ሁለተኛ፥ መኪናው ማታ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማለዳ እጅግ ዝቅ ብሎ ወይም በአንድ ጎን አዘንብሎ ቢገኝ፥ ዘይት የሚፈስበት ስፍራ ይፈለግ። ሌሊቱ በሚበርድበት እንደ መንዝ ባለ አገር ግን አየሩና ዘይቱ በብርድ ስለሚሰበሰቡ ጥቂት ዝቅ ማለት ከጥፋት አይቈጠርም። ሦስተኛ፥ መኪናው ሲታዘዝ ከፍ አልል ቢል፥ ወይም ለመነሣት እጅግ ቢዘገይ፥ ዘይቱ ማነሱ፥ ፓምፑ መድከሙ ወይም የመጫኛው ግፊት መብዛቱ ይመረመር። አራተኛ፥ መኪናው ያለ ትእዛዝ ከፍና ዝቅ ቢል፥ ቁመት ለኪዎቹ ከእግሩ ጋራ የሚያያዙበት ቀጭን ዘንግ በጭቃና በዝገት ተይዞ ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው በትንሽ ዋጋ የሚድን ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ ታላቅ በሽታ እየመሰለ ባለቤቱን ያስደነግጣል።

የኳሶቹን ደኅንነት ለማወቅ የቤቱ ጌታ ራሱ ያለ መካኒክ የሚያደርገው ፈተና አለ። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ይቁም፤ ሞተሩም ይነሣ። በሞተሩ አጠገብ የዘይቱ ማጠራቀሚያ ዕቃ አለ፤ በጎኑም የመስመር ምልክቶች ተቀርጸውበታል። መኪናውን ወደ ከፍተኛው ቁመት አውጥቶ ዘይቱ የደረሰበትን መስመር ማየት፥ ቀጥሎም ወደ ዝቅተኛው አውርዶ እንደ ገና ማየት ነው። መኪናው ሲወርድ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ መስመሩ ከፍ ይላል። በላንድ ክሩዘር 100 ላይ ልዩነቱ በአዲስ ኳስ 14 መስመር ያህል ነው፤ ወደ 7 ወይም ከዚያ በታች የወረደ እንደ ሆነ ኳሶቹ የሚለወጡበት ጊዜ ደርሷል። ምክንያቱም ጤነኛ ኳስ አየሩ ሲጨመቅ ብዙ ዘይት ይቀበላል፤ አየሩ ያለቀበት ኳስ ግን በዘይት ሞልቶ ስለሚኖር ተጨማሪ የሚቀበልበት ስፍራ የለውም። ይህ ፈተና አንድ ብር አያስወጣም፤ በየስድስት ወሩ አድርጎ ቍጥሩን በመዝገብ መጻፍ መልካም ነው።

ብረቱ መድከሙን ለማወቅ ግን የመካኒክ መሣሪያ ያስፈልጋል። ዐዋቂ መካኒክ በመመርመሪያው መሣሪያ የዘይቱን ግፊት ያነባል። በፊት እግሮች በኩል ባዶው መኪና በመካከለኛው ቁመት ሲቆም ግፊቱ 69 ባር ገደማ መሆን ይገባዋል። ከዚህ እጅግ የበለጠ እንደ ሆነ፥ ብረቱ ድርሻውን እየተሸከመ አይደለም ማለት ነው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ የቶርሽን ባሩን ማስተካከያ ቡሎን በልክ ማጥበቅ። ከኋላ ግን ማጥበቂያ ስለሌለ ያረጀውን ሞላ በአዲስ መለወጥ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የመኪናው ቁመት አንድ ጣት እንኳ ላይለወጥ ይችላል፤ ቁመቱን የሚወስኑት መለኪያዎቹ ናቸውና። የተለወጠው ግን በዓይን የማይታየው ግፊት ነው፤ ዕረፍት ያገኘው ዘይቱ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ አንድ ቤተ ሰብ እናስብ። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ለፋሲካ ወደ መሐል ሜዳ ወጡ እንበል። ሲመለሱ አያቲቱ ለዓይናቸው ሕክምና አብረው ይመጣሉ፤ ከኋላም ገብሱ፥ ቅቤውና የመንዝ ባናው ተጭኗል። መኪናው በየጕድጓዱ እየነጠረ አያቲቱን አሠቃያቸው። አዲስ አበባ ሲደርሱ አንድ መካኒክ፥ «ይህ የዘይት ነገር ለእኛ አገር አይሆንም፤ ነቅለን ተራ አሞርዛተር እናግባበት» ቢል፥ ባልየው ተናዶ እሺ ለማለት ይቸኵላል። ሚስትየዋ ግን፥ «እስኪ ይታገሡ፤ የደከመው ዘይቱ ነው ወይስ ሞላው? ይህን ሳናውቅ የልጆቹን የትምህርት ገንዘብ ለምን እናወጣለን?» ብትል፥ የተናገረችው የቤት አስተዳዳሪ ቃል ነው። በዚያ ቀን ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ዘይቱን ነቅሎ መጣልን በፍጹም የምንነቅፍ አይደለንም። ከመሐል ሜዳ ወይም ከራቤል ወዲያ ለሚኖር፥ መመርመሪያ መሣሪያ ያለው ጋራዥም ለሚርቀው ሰው፥ ተራው ሞላና አሞርዛተር የሚሻልበት ጊዜ አለ። ብዙ ሰዎች የሚወድቁበት ወጥመድ ግን አለ፤ እንዳይሳሳቱ እንነግራቸዋለን። ከዘይቱ ጋራ የተሠሩት ቶርሽን ባርና ሞላዎች የሸክሙን ከፊል ብቻ እንዲይዙ የተሠሩ ልሎች ናቸው። ዘይቱን አስነቅሎ እነዚህኑ ያስቀረ ሰው፥ ከሁለቱ ተሸካሚዎች አንዱን አሰናብቶ ቃሬዛውን ለአንዱ የተወ ሰው ነው፤ መኪናው ሆዱን ከመሬት አስጠግቶ ይቀራል። ስለዚህ መለወጥ የፈለገ ሁሉ ለሙሉ ክብደት የሚሆን ጠንካራ ቶርሽን ባር፥ ጠንካራ ሞላና ለእነርሱ የተስማማ አሞርዛተር በአንድነት ያግባ። የሁሉንም ዋጋ በወረቀት ላይ አስጽፎ ከመጠገኛው ዋጋ ጋራ ካስተያየ በኋላ ይወስን።

ለመጠገን የቈረጠ ደግሞ ከርካሹ ጀምሮ ወደ ውዱ ይሂድ። አስቀድሞ ማጠብና መለኪያዎቹን ከዝገት ማላቀቅ፤ ቀጥሎ ግፊቱን ማስነበብና ቶርሽን ባሩን ማስተካከል፤ ቀጥሎ የኋላውን ሞላ መለወጥና የቈሸሸውን ዘይት በአዲስ መተካት፤ ኳሶቹን መግዛት የመጨረሻው ይሁን። ብረቱን ሳያድሱ አዲስ ኳስ ማግባት፥ የደከመውን ተሸካሚ ትቶ ላብ ያጠመቀውን ብቻ እንደ መለወጥ ነው፤ አዲሱም በቶሎ ይደክማል። በአዲስ አበባ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪናዎች የወጣ ኳስ ሲሸጥ የሚያገኝ ሰው ይጠንቀቅ። አየሩ በውስጡ መኖሩ በዓይን አይታይም፤ ተቀምጦ የኖረ ኳስም ከጊዜ ብዛት አየሩ ይወጣል። ሻጩ ዕቃው በመኪናው ላይ ገብቶ ከላይ በተናገርነው ፈተና እስኪታይ ድረስ ገንዘቡን በመያዣ ለማስቀመጥ እንቢ ካለ፥ መተው ይሻላል።

ስለ ዘይቱም አንድ ቃል እንጨምር። ማጠራቀሚያው ጐደለ ብሎ የፍሬን ዘይት ወይም ያገኙትን ዘይት መጨመር ታላቅ ጥፋት ነው። ሲትሮኤን በ1966 በአውሮፓ አቆጣጠር ቀዩን ዘይት ትቶ አረንጓዴውን ሲያመጣ፥ የሁለቱ መኪናዎች ላስቲክ የተለያየ ነበርና ዘይቶቹን ያቀያየረ ሰው ላስቲኩን ሁሉ አበላሸ። ስለዚህ በመኪናው መጽሐፍ የታዘዘውን ብቻ መጨመር፥ ወደ ደጋም ሲኬድ አንድ ቆርቆሮ ትርፍ መያዝ ይገባል።

አሁን ከገንዘብ ወደ ሕይወት እንለፍ። በዘይት ግፊት በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው፥ አሽከርም ቢሆን ሾፌር፥ እንዳይገባ የቤቱ ጌታ በብርቱ ይከልክል። ዘይቱ ባንድ ጊዜ ሊለቅ፥ መኪናውም በሰው ላይ ሊወርድ ይችላል። አስቀድሞ አሠራሩን በማጥፊያው መዝጋት፥ በክሪክም ብቻ ሳይታመኑ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ ማቆሚያ ማስገባት ግዴታ ነው። ደግሞም የዘይቱን ቱቦ በግምት የሚፈታ ሰው፥ በብዙ ባር ግፊት የሚፈናጠር ዘይት ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ እንደሚገባ ይወቅ። ቍስሉ የመርፌ ያህል ትንሽ ቢመስልና ባያምም፥ ውስጡ እጅን እስከ ማጣት የሚያደርስ ጕዳት ስለሚሆን፥ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ እንጂ በቤት ማሰር አይገባም።

በመንገድ ላይ ሳለ የማስጠንቀቂያው መብራት ብልጭ ብልጭ ቢል ወይም መኪናው አንድ ወገን ቢወድቅ፥ ወደ ጀማ ሸለቆ መውረድ ወይም ጣርማ በርን በጉም መሻገር አይገባም። ሸክሙን አራግፎ፥ መንገደኛውን ቀንሶ፥ ቀስ ብሎ በከባድ ማርሽ ወደ ቅርቡ ከተማ መመለስ ነው። ለበዓል ያልደረሰ ሰው በማግሥቱ ይደርሳል፤ ገደል የገባ ሰው ግን በማግሥቱም አይደርስም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን! ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ከፋሲካ በፊት፥ ከክረምትም መግቢያ በፊት አንድ ማለዳ ሰጥታችሁ የማጠራቀሚያውን መስመር ተመልከቱ፤ ግፊቱን አስነብቡ፤ ቍጥሩንም ጻፉ። መኪናው ቀጥ ብሎ ስለ ቆመ አትታለሉ፤ ሸክሙን ማን እንደ ያዘው ጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለመኪና ብቻ አይደለም። በቤትም ቢሆን ሁሉ ነገር ቀጥ ብሎ ሲታይ፥ የሌላውን ድርሻ ጨምሮ በዝምታ የሚሸከም አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ይገኛል። እርሱንም ወይም እርስዋን ከመውደቃቸው በፊት ማየት የመልካም ቤት አስተዳዳሪ ሥራ ነው።